የአቮካዶው ዋስ

ጠጅቱ ለወንድሟ ሪዝ ፀጉር አስተካካይ መቅጠሯን በድሉ የሰማው ሽንት ቤት ተቀምጦ ነው። የግንቦት ልደታ ማለዳ ነበር። የሽንት ቤቱ ቆርቆሮ በር ከታች አንድ ስንዝር ያህል ስለተበላ፣ ግቢው ውስጥ የሚወራው ሁሉ በዚያ በኩል ይገባል። ጠጅቱ ደግሞ ስልክ ስታወራ ሰውየው ያለበት ድረስ በራሷ ድምፅ መድረስ ያለባት ስለሚመስላት፣ ስልኩ ባይኖርም ትሰማለች። «አዎ፣ ስምንት ሰዓት ላይ... አይ፣ ፀጉሩን ተወው፣ ፀጉር የት አለውና! ሪዙን ብቻ... ምን? ሪዝ ብቻ ሠርተህ አታውቅም? እንግዲያው ዛሬ ትለምዳለህ። ስንት ነው አንድ ሪዝ?... መቶ ብር? የስንት ሰው ሪዝ ነው መቶ ብር? ሃምሳ እሰጥሃለሁ፣ ንፍሮም ትበላለህ። ማሽንህን ቻርጅ አድርገህ ና እሺ፣ መብራት ጠፋ ብለህ ሰውየውን ግማሽ ላይ እንዳትተውብኝ።»

የበድሉ እጅ ሳያስበው ወደ ሪዙ ሄደ። እዚያው ነበር። በድሉ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሪዙ ደግሞ ሠላሳ አንድ። ፀጉሩ ከድቶት ሲሄድ፣ ሁለት መንጋጋዎቹ ሲከተሉት፣ ትዳር መጣሁ መጣሁ ብሎ መንገድ ላይ ሲቀር፣ ሳይነቃነቅ የቆየለት ሪዙ ብቻ ነው። ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ግራና ቀኙ ወደ ታች የተንጣለለ፣ ልክ የቤት ክዳን። እንጀራውም ቢሆን የተንጠለጠለው እዚያው ላይ ነው። በድሉ ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ጃንጥላ ዘርግቶ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋል። በዚያ መስመር አሥራ አንድ ጃንጥላ አለ፣ አሥራ አንዱም ሰማያዊ ነው። ሰው ሰውን ሲልክ «ሪዛሙ ጋ ሂድ፣ እሱ አሳምሮ ይጽፍልሃል» ብሎ ነው የሚልከው። ያለ ሪዝ ከዚያ ጃንጥላ ሥር መቀመጥ ታፔላው ተነቅሎ የተወሰደ ሱቅ መሆን ነው። በድሉ ይህን እያሰበ ውሃ ማፍሰሱን ረስቶ ወጣ፣ ትዝ ብሎት ተመለሰ።

ጣጣው የመጣው ከአቮካዶው ነው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት በድሉ ከአንድ ጁስ ቤት የለመነውን የአቮካዶ ዘር በሦስት ስቴኪኒ ወግቶ ብርጭቆ አፍ ላይ አስቀመጠው። ሥር ሲያወጣ በወተት ጣሳ፣ ከዚያ በቀለም ባልዲ፣ በመጨረሻም ከእናታቸው በወረሱት ግቢ ውስጥ፣ በጠጅቱ ቤትና በሽንት ቤቱ መካከል ተከለው። በድሉ በሕይወቱ ከጀመራቸው ነገሮች ሁሉ ያደገው ይህ ዛፍ ብቻ ነው። ያውም አስተዳደጉ! የጠጅቱን ጣሪያ አለፈ፣ የጎረቤቱን አለፈ፣ ቅጠሉን አሸንዳው ውስጥ እየጠቀጠቀ ክረምት በመጣ ቁጥር የጠጅቱ ሳሎን ውስጥ ውሃ አስገባ፣ የልብስ ማስጫውን ፀሐይ ከለከለ። ከሥሩ በድሉ የዘራው ጓሮም ብርሃን እያጣ አንድ ነገር አልሆንልህ አለው። ቲማቲሙ ወደ ላይ ብቻ ተመዞ ቅጠሉ እየተጠቀለለ ደረቀ። ጎመኑን ቀንድ አውጣ በልቶት ወንፊት አስመሰለው። ካሮቱ ደግሞ አፈሩ ውስጥ የቀረ የግንብ ፍርስራሽ እያጋጠመው ሁለት ሁለት እግር አውጥቶ ተነቀለ፤ በሩ ላይ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ልብስ የሚሰፋው ጀይላን አንዱን አንሥቶ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና «ጋሽ በድሉ፣ ለዚህኛው ሱሪ ልለካለት?» ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ሳቀበት። ይህ ሁሉ ሲሆን አቮካዶው አንድም ቀን አንድ ፍሬ አላሳየም።

ባለፈው ዓመት ልክ በዛሬዋ ቀን፣ ጎረቤቱ እንደ ልማዱ ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ ንፍሮውን ሲበላ፣ ጠጅቱ መጥረቢያ ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች። ያኔ ነው ጀይላን ጣልቃ የገባው። «እትዬ ጠጅቱ፣ እንዲሁ አይቆረጥም እኮ። እኛ አገር ዛፍ እምቢ ሲል መጀመሪያ ያስፈራሩታል» አለና ነገሩን አስረዳ። አንድ ሰው መጥረቢያውን ያነሣል፣ ዛፉን ልክ ልኩን ይነግረዋል፣ አንዴ ቆረጥ ያደርገዋል። ያኔ ሌላ ሰው ዘሎ እጁን ይይዝና «ተወው፣ ለከርሞ እንዲያፈራ እኔ ዋስ እሆነዋለሁ» ይላል። ዛፉ ይሰማል፣ ይደነግጣል፣ ያፈራል። «አያቴ በዚህ መንገድ ሦስት ማንጎ አስወልዳለች፣ ወላሂ!» ወጉ እንዲያምር ደግሞ ዳኛ ተሰየመ፤ ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ፍሬምናጦስ፣ ወደ ድግስ ሲመጡ ክንድ ማስደገፊያ ያለው ወንበራቸውን ይዘው የሚመጡት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ፣ ያለ ተወዳዳሪ ተመረጡ። ጠጅቱ መጥረቢያዋን አነሣች። «አንተ ሥራ ፈት! አሥራ አንድ ዓመት ግቢዬ ውስጥ ተገትረህ፣ ውሃዬን ጠጥተህ፣ ቆሻሻህን አራግፈህ፣ ላየህ ሁሉ ደግሞ ቁመናህን እያሳየህ! አንድ ፍሬ? አንዲት ፍሬ እንኳን?» ስድቡ ግማሹ ለዛፉ፣ ግማሹ ከዛፉ አጠገብ ለቆመው ወንድሟ መሆኑ ለማንም አልጠፋም። በድሉም ዘሎ እጇን ያዘና «ዋስ እሆነዋለሁ!» አለ። እልል ተባለ። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ሌላ ሰው ቢሆን ያልቅ ነበር።

በድሉ ግን ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ዋስ የሚል ቃል ከጆሮው ሲገባ ጣቱን ይበላዋል። ሰርቪሱ ውስጥ ካለችው ክፍሉ ገብቶ ወረቀትና ካርቦን አመጣና፣ ንፍሮው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጻፈ። «ተከሳሽ፦ አቮካዶ። አድራሻ፦ ልደታ፣ ከሽንት ቤቱ ጎን። እኔ ስሜና ፊርማዬ ከታች የሰፈረው ዋስ፣ ተከሳሹ እስከ መጪው ግንቦት ልደታ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ድረስ ቢያንስ አንድ ፍሬ በራሱ ቅርንጫፍ ላይ አፍርቶ ባይገኝ፣ ዛፉ እንዲቆረጥ፣ እኔም ሪዜን በጎረቤት ፊት እንድላጭ፣ አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ያለማንም አስገዳጅነት ተስማምቻለሁ።» ሦስት ቅጂ። እማኝ ፈረመ። ማኅተም ጠፋ፤ ግቢው ውስጥ የተገኘው ብቸኛ ማኅተም የጀይላን ስለነበር «ጀይላን ዘመናዊ ልብስ ስፌት» የሚል ክብ ማኅተም ተመታበት። አንዱን ቅጂ ጠጅቱ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። እዚያው አለ። በድሉ ወተት ለማውጣት በሄደ ቁጥር የራሱን ፊርማ ያያል።

ዓመቱን ሙሉ ያላደረገው የለም። ሥሩን ኮተኮተ፣ አመድ ነሰነሰ፣ ፍግ አለበሰ፣ ግንዱ ላይ ሰባት ሚስማር መታ፣ ለዓይን ብሎ የበሬ ቀንድ ሰቀለ። የወረዳው የከተማ ግብርና ባለሙያ መጥታ ቀና ብላ አይታ «አባቴ፣ ከዘር የበቀለ አቮካዶ ልቡ ሩቅ ነው። የተዳቀለ ችግኝ ቢተክሉ ኖሮ እኮ በሦስት በአራት ዓመት ይሰጥዎት ነበር» አለችው። «መቼ ብተክል?» አላት። «ያኔ ሲተክሉ።» አመሰገናት። ጥር ላይ ግን ዛፉ አበበ። በድሉ ለማንም ትንፍሽ አላለም። አበባው አብዛኛው ረገፈ፣ ፍሬ የያዘውም ሽንብራ ሳያህል ረገፈ፣ መጋቢት ላይ አንዲት ብቻ ቀረች። ከጀይላን መስኮት ሥር ያገኛትን ቀይ ክር ከመሰላል ጫፍ ተንጠራርቶ በጭራዋ ላይ ላላ አድርጎ አሰረላት፤ እንዲለያት እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። ከዚያ ዛፉ አዲስ ቅጠል አወጣና ዋጣት። ይኸው ሁለት ወር፣ በድሉ ሽንት ቤት በተመላለሰ ቁጥር አንጋጦ ይፈልጋታል። ትኑር ትርገፍ አያውቅም።

ያን ማለዳም ቆሞ አንጋጦ ቆየ። ቅጠል ብቻ። ከዚያ ሳሎን ገብቶ ሻይና ዳቦ ቀረበለት። ጠጅቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ለንፍሮው ስንዴ ትለቅማለች። ስምንት ዓመት ትበልጠዋለች፤ ከእናታቸው ሞት ወዲህ ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ማውራት ትተዋል፣ ተጣልተው ሳይሆን ወሬው አልቆባቸው። ሬዲዮው ያወራላቸዋል። ዛሬ ሬዲዮው ጠፍቷል። ጠጅቱ አንዴ ቀና ብላ ሪዙን አየችው፣ ዓይኗን መለሰች፣ እንደገና አየችው። በግ ለመግዛት የሚደራደር ሰው እንደሚያየው ዓይነት አስተያየት ነበር። «ሻዩ ስኳር አለው?» አለች። «አለው» አለ። የዚያ ቀን ማለዳ ጨዋታቸው ይኸው ነው። ልትለው የምትፈልገው ነገር ያለ ይመስል አፏን ከፈት አድርጋ ነበር፣ ግን አንድ ጠጠር አገኘችና ጠጠሩን አወጣች።

በድሉ ጃኬቱን ደረበና ወደ አብነት ሰፈር ወረደ። ሐሳቡ መንገድ ላይ ነው የመጣለት፣ ሲመጣለትም አፈረበት፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው እውነት ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ግን እግሩ አልቆመም። ጋሪ ላይ ፍራፍሬ የምትሸጠው ሀያት ብርቱካኑን በጨርቅ እየወለወለች ነበር።

«አቮካዶ ስንት ነው?»

«ኪሎው መቶ ሠላሳ፣ ጋሼ። ለዛሬ ነው ለነገ?»

«ለዛሬ ስምንት ሰዓት። ግን አይበላም።»

ሀያት ጨርቋን አስቀመጠች። «ታዲያ ምን ሊሆን ነው?»

«እንዲያው... ለመታየት ነው። አንድ ብቻ። ጠንካራ ይሁን፣ ጭራም ይኑረው።»

«ከነጭራው? ጋሼ፣ በግ ነው እንዴ የሚገዙት?»

ከጎኗ ያለችው ሽንኩርት ሻጭ ሳቀች። በድሉ ሳይስቅ ክምሩን መበርበር ጀመረ። ያነሣው ሁሉ እንብርቱ ባዶ ነው። በመጨረሻ ሀያት ከካርቶኑ ሥር አንድ አረንጓዴ፣ ሁለት ጣት የምታህል ጭራ ያላት አወጣችለት። «የቀረችኝ ባለጭራ ይህች ብቻ ናት። አርባ ብር። አምስቱ የጭራዋ ነው።» በድሉ ከፈለና ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተታት። ኪሱ አበጠ፤ ወደ ቤት ሲመለስ ያገኘው ሰው ሁሉ ያንን ጎኑን የሚያይ መሰለው።

ግቢው በር ላይ ጀይላን የስፌት መኪናውን እየረገጠ ነበር። በድሉ የአረንጓዴ ክር ቁራጭ እንዳለው ጠየቀው። «ምን ዓይነት አረንጓዴ? የተማሪ ዩኒፎርም አረንጓዴ አለ፣ የመጋረጃ አለ...» «የቅጠል» አለ በድሉ። «ምን ሊሰፉበት ነው?» «ቁልፍ።» «አረንጓዴ ሸሚዝ አለዎት እንዴ፣ ጋሽ በድሉ?» የጀይላን ዓይን ወደ ኪሱ ወረደ፣ ተመለሰ፣ ወደ ዛፉ ሄደ። ክሩን ሰጠውና መኪናውን መርገጥ አቆመ።

ጠጅቱ ልደታ ማርያም ሄዳለች። መሰላሉ ግንዱ ላይ ተደግፎ ጠበቀው፤ ትናንት ራሴ ረስቼው ነው ብሎ ጸሎት ያህል አመሰገነና ወጣ። በድሉ ከመሰላሉ አልፎ ዛፉ ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ከታች ሲያየው የኖረው ዛፍ ከውስጡ ሌላ ሆነበት፤ ቀዝቃዛ፣ አረንጓዴ ብርሃን ያለበት፣ ከላይ የጎረቤቱ ቆርቆሮ ሁሉ እንደ ሜዳ የሚታይበት፣ ወዲያ ማዶ በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር አዲስ ቀለም የተቀባው አጥር፣ ወዲህ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት። እዚያ ላይ ተቀምጦ ቢኖርስ? ማመልከቻ የሚፈልግ ከታች ሆኖ ይነግረው ነበር። ይህን ሲያልም ጉንዳን ሱሪው ውስጥ ገባና አባረረው። ቀይ ክሯን ፈለገ፣ አላገኛትም። መካከለኛው ቅርንጫፍ ላይ የሀያትን አቮካዶ በስድስት ቋጠሮ አሰረና ወረደ። ከታች ሲያያት የእውነት ትመስላለች። ከእውነተኛዋም ሳትበልጥ አትቀርም።

ስምንት ሰዓት ላይ ግቢው ሞላ። ንፍሮው በትልቅ ሳፋ ዛፉ ሥር ተቀመጠ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ጋሽ ፍሬምናጦስ ወንበራቸውን አስተካክለው መነጽራቸውን አደረጉ። ፀጉር አስተካካዩ ሁመድ፣ ጎኑን ተላጭቶ አናቱን ያሳደገ ወጣት፣ ማሽኑን በፎጣ ጠቅልሎ ከበሩ አጠገብ ቆመ። ጀይላን ላብ ላብ ብሎት ዘግይቶ ገባ፤ ሸሚዙ ላይ ቅጠል ተለጥፏል። ጠጅቱ መጥረቢያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ነጠላዋን በአንድ ጎኗ ሰብስባ ተቀመጠች። ወረቀቱ ከፍሪጁ ላይ ተነቅሎ መጣ፣ ተነበበም። «ጀይላን ዘመናዊ ልብስ ስፌት» የሚለው ላይ ሲደርሱ ሁሌም እንደሚሳቀው ተሳቀ።

«ዋስ» አሉ ጋሽ ፍሬምናጦስ፣ «ተከሳሽህ አፍርቷል?»

«አፍርቷል፣ ክቡር ዳኛ» አለ በድሉ። ወደ መካከለኛው ቅርንጫፍ ጠቆመ።

ሁሉም አንጋጠጠ። «ውይ! እውነትም!» አለች አንዷ፣ እልልታው ተነሣ። ጀይላን ከሁሉ በላይ አጨበጨበ። ጠጅቱ ግን አላጨበጨበችም፤ በድሉ የሚጠቁምበትን አይታ ግራ ገባት። «የት ነው የምታሳየው? እዚህ ታች እኮ ነው» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ሰው ወደ ታች አየ። ከግድግዳው በኩል፣ ከዝቅተኛው ቅርንጫፍ ላይ፣ አንዲት ጠቆር ያለች፣ ቆዳዋ ሸካራ አቮካዶ ተንጠልጥላለች። እልልታው እጥፍ ሆነ። ሁለት! ያን ጊዜ ሁመድ፣ ዓይኑ የወጣት ስለሆነ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ ጫፉ አየና «ፋዘር፣ ያ ላይ ያለው ቢጫው ምንድን ነው?» አለ።

እልልታው ቆመ። ከሁሉም በላይ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚያበራ፣ የሚያምር፣ የበሰለ ማንጎ ነበር።

ግቢው ውስጥ ለትንሽ ጊዜ የተሰማው ንፍሮ ያኝክ የነበረ አንድ ሰው መንጋጋ ብቻ ነው። ጋሽ ፍሬምናጦስ መነጽራቸውን አውልቀው ወልውለው መልሰው አደረጉ። «እኔ ያስተማርኩት ጂኦግራፊ ነው፣ ባዮሎጂ አይደለም። ቢሆንም ይሄ ነገር...» ብለው ወደ ጀይላን ዞሩ። ጀይላን ሸሚዙ ላይ ያለውን ቅጠል አሁን ገና አየው። «ምን ላድርግ፣ ጋሼ!» አለ። «ዛፉን ያስፈራራሁት እኔ ነኝ፣ የሰው ሪዝ በእኔ ምክር ሊሄድ ነው ብዬ ተጨነቅኩ። ሀያት ጋ ሄድኩ፣ ባለጭራ አቮካዶ አለቀ አለችኝ። አንድ ሽማግሌ የመጨረሻዋን ለመታየት ብሎ ወስዷታል አለች። ጭራ የነበረው ማንጎ ብቻ ነው!» ሰው ሁሉ ወደ በድሉ ዞረ። በድሉ ወደ መሬት ዞረ።

«እሺ፣ ታችኛዋስ?» አሉ ዳኛው። ሁመድ ጠጋ ብሎ ቅርንጫፉን ዝቅ አደረገው። አቮካዶዋ የታሰረችው ከጥለት በተመዘዘ ቀይና አረንጓዴ ድርና ማግ ነው። ጠጅቱ የነጠላዋን ጫፍ ብብቷ ውስጥ ሸጎጠች፤ ቀድማ አልሸጎጠችም ነበርና ጥለቱ ተተልትሎ ሁሉም አየው። መሰላሉ ለምን ግንዱ ላይ እንደነበር በድሉ አሁን ገባው።

«እትዬ?» አለ። «አንቺ? ፀጉር አስተካካዩን የጠራሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«ጠራሁ። የሚያስፈራሩት ዛፍ ብቻ ነው እንዴ? አንተስ ሳትፈራ የሠራኸው ምን ነገር አለ?»

«ታዲያ ምነው ሰቀልሽልኝ?»

ጠጅቱ ከሳፋው ንፍሮ ዘግና አንድ በአንድ መብላት ጀመረች። ሦስተኛዋ ሽንብራ ላይ ስትደርስ፣ ወደ እሱ ሳታይ፣ «ሪዝህን ስትላጭ ማንን እንደምትመስል ስለማውቅ ነዋ» አለች።

ጋሽ ፍሬምናጦስ ወረቀቱን ደግመው አነበቡት። «በራሱ ቅርንጫፍ ላይ አፍርቶ» የሚለው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። በክር የተያዘ ፍሬ ፍሬ እንዳልሆነ፣ ማንጎውም ከነጭራሹ ከጉዳዩ ጋር ዝምድና እንደሌለው አስረዱ። ቢሆንም ሦስት ሰው ሳይመካከር የዋሸለት ዛፍና ሪዝ ስለሆነ፣ ጎረቤቱ ከተስማማ ይማር አሉ። «ይማር! ይማር!» ተባለ። በድሉ ሊቀመጥ ሲል ዓይኑ ወረቀቱ ላይ አረፈ። የራሱ የእጅ ጽሑፍ፣ የራሱ ፊርማ። ነገ ሰማያዊው ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ለሰው «ያለማንም አስገዳጅነት» ብሎ ሲጽፍ እጁ ምን ይለዋል? «የለም» አለ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያጭበረበርኩትም እኔ። ሁመድ፣ ና።» በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ። ጠጅቱ «ተው አንተ!» ብላ ግማሽ ድረስ ተነሣች፣ ግን ማሽኑ ጮኸ፣ የሠላሳ አንድ ዓመቱ ሪዝ ሁለት ጊዜ እፍ ተባለና የደረቀ የአቮካዶ ቅጠል ላይ ወደቀ።

ሁመድ ፎጣውን ሲያነሣ ማንም አልሳቀም። የበድሉን ፊት አዩ፣ የጠጅቱን አዩ፣ ተመልሰው የበድሉን አዩ። ያችው ረጅም የላይኛ ከንፈር፣ ያችው አፏ ጥግ ላይ ያለች ኩርፊያ። ነጠላ ብቻ ነው የቀረው። «ኮፒ ፔስት!» አለ ሁመድ፣ ያኔ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ፍሬምናጦስ ከወንበራቸው ሊወድቁ ደርሰው ክንድ ማስደገፊያው አዳናቸው። በድሉ ሁመድ ባቀረበለት መስታወት ውስጥ እህቱ ስታየው አያትና «በስመ አብ!» ብሎ መስታወቱን መለሰ። ጠጅቱ ሳቅ ይዟት እንባዋን በተተለተለው ጥለት ጠረገች። በድሉ እህቱ እንዲህ ስትስቅ ካየ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ፣ አልሆነለትም።

ቀጥሎ የዛፉ ተራ ነበር። ቃል ቃል ነው ከተባለ ለዛፉም ቃል ነው። ጠጅቱ መጥረቢያውን አነሣች፤ ሰውም ንፍሮውን ይዞ ፈቀቅ አለ። «አንዴ፣ አንዴ!» አለ ጀይላን። «ማንጎዬን ላውርድ፣ ስድሳ ብር ነው የገዛሁት።» የልብስ ማስጫውን ረጅም እንጨት አምጥቶ ጫፉን ይመታው ጀመር። ማንጎው በልብስ ሰፊ ቋጠሮ ስለታሰረ እምቢ አለ። ደገመው፣ ሠለሰው፣ በመጨረሻ ቅርንጫፉን በእንጨቱ ቆልፎ ዛፉን በሙሉ ወዘወዘው። ማንጎው ንቅንቅ አላለም። ከቅጠሉ መሀል ግን ሌላ ነገር ተላቀቀና፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየነጠረ ወርዶ ንፍሮው ሳፋ ውስጥ ጧ አለ። ስንዴና ሽንብራው ጋሽ ፍሬምናጦስ ደረት ላይ ተረጨ።

በድሉ እጁን ሳፋው ውስጥ ከተተ። የወጣችው አቮካዶ የዶሮ እንቁላል ታህላለች። ጭራዋ ላይ፣ ፀሐይና ዝናብ ሮዝ ያደረገው፣ ላላ ብሎ የታሰረ ክር አለ። «ይህች ናት» አለ። «ይህች ናት፣ ይህች ናት።» ጋሽ ፍሬምናጦስ ተቀብለው ጭራዋን መረመሩ፤ የተበጠሰበት ቦታ ገና ውሃ ያወጣል። ሰዓታቸውን አዩ። «ተከሳሹ በጊዜው አፍርቷል። ዛፉ አይቆረጥም» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሪዙም... ሊላጭ አይገባም ነበር» አሉ።

ሰው ሁሉ ቅጠሉ ላይ ወደተዘረጋው ሪዝ አየ። «ይመለስለታ!» አለ ጀይላን። «አባዬ፣ እኛ ቤት የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለ ሁመድና ሃምሳ ብሩን ተቀበለ። በድሉ ባዶ ከንፈሩን በነፋስ እያስመታ ዛፉን ይመለከት ነበር። ነገ ጃንጥላው ሥር ባለጉዳይ ሲመጣ «ሪዛሙ የት ሄደ?» ሊለው ነው፤ እሱም ለዋስትና ሄዷል ሊል ነው።

ጠጅቱ መጥረቢያውን ይዛ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ወረቀትና ካርቦን ይዛ ነበር፣ ወንድሟ ጭን ላይ ጣለችለት። «ጻፍ» አለችው። «አንድ ፍሬ ሰጠ ተብሎ ዝም ሊባል ነው እንዴ? ለከርሞ አሥር። ዋሱ እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ እትዬ» አለ በድሉ፣ እስክሪብቶውን ከኪሱ እያወጣ። «ምን ታስይዣለሽ?»

ሁመድ ማሽኑን ሊጠቀልል ጀምሮ ቆም አለ። ጎረቤቱ ሁሉ የወንድምየውን ፊት አየ፣ የእህትየዋን ፊት አየ። ጠጅቱ ሳታስበው ነጠላዋን ወደ ላይ ሳበችና የላይኛ ከንፈሯን ሸፈነች።